እርሾው፣ አብሲቱና ምስጢሩ፦ በዕለት ኑሮ ውስጥ መንፈሳዊ ትምህርት ስለ ማግኘት የቀረበ ምልልስ

በኢትዮጵያ ኦርቶዶክስ ተዋሕዶ ቤተ ክርስቲያን የመጻሕፍት ትርጓሜ በአራት ጉባኤ ተከፍሎ ይሰጣል፤ እነርሱም የብሉይ ኪዳን፣ የሐዲስ ኪዳን፣ የሊቃውንትና የመነኮሳት ጉባኤያት ናቸው። መምህሩ የግእዙን ንባብ ካስነበበ በኋላ በአማርኛ ይፈታዋል፤ ቀጥሎም «አንድም» እያለ ሁለተኛና ሦስተኛ ፍቺ ይጨምርበታል፤ ስልቱም ከዚሁ ቃል ተነሥቶ አንድምታ ተብሏል። አንድምታ የንባቡን ምስጢር ለማብራራት ከማጀት፣ ከእርሻ፣ ከገበያና ከችሎት ምሳሌ ማምጣት የለመደ ስለ ሆነ፣ የዕለት ኑሮ ለክርስቲያን ምን ያህል ሊያስተምር እንደሚችልና ትምህርቱ በምን እንደሚመዘን መጠየቅ ለጉባኤው ባዕድ ነገር አይደለም። ከዚህ በታች ጥያቄውን የሚያነሡትና የሚጥሉት ሦስት ተናጋሪዎች ናቸው፤ አንደኛው የሐዲስ ኪዳን ትርጓሜ መምህር፣ ሁለተኛው ደቀ መዝሙራቸው፣ ሦስተኛዋ ለጉባኤው ተማሪዎች እንጀራ የሚጋግሩ አንዲት እማሆይ ናቸው። ስም ያልተሰጣቸውም ሐሳቡን ለመሸከም ብቻ የቆሙ ስለ ሆኑ ነው።

ደቀ መዝሙር፦ የኔታ፣ የማቴዎስ ወንጌል ምዕራፍ 13 ሲተረጎም መንግሥተ ሰማያት በእርሾ መመሰሏ ለጀማሪ እንኳ ቀላል ሆኖ ይታያል፤ እርሾው ጥቂት፣ ሊጡ ብዙ ነው፤ ጥቂቱ ብዙውን ያቦካዋል፤ ወንጌልም ከጥቂት ሐዋርያት ተነሥታ ዓለምን አዳረሰች። ማጀት ውስጥ ያለ ነገር ይህን ያህል ከተናገረ፣ ሰው ጠዋት ከቤቱ ሲወጣ የሚያየው ሁሉ፣ የታክሲው ሰልፍም፣ የመብራቱ መጥፋትም፣ የዝናቡ መዘግየትም፣ ስለ እግዚአብሔር አንድ ነገር ሊናገር አይችልምን? እንዲህ ከሆነ ክርስቲያን መጽሐፍ ሳይዝም ውሎውን ሁሉ ሲማር ሊውል ነው።

መምህር፦ ሊውል ይችላል፤ የቀደሙትም አባቶች ይህን አልካዱም። አንድ ፈላስፋ ወደ ታላቁ አባ እንጦንስ መጥቶ ያለ መጻሕፍት በምድረ በዳ እንዴት እንደሚጽናና ቢጠይቃቸው፣ መጽሐፋቸው የተፈጠረው ነገር ሁሉ ባሕርይ እንደ ሆነና ቃለ እግዚአብሔርን ለማንበብ በፈለጉ ጊዜ ሁሉ በፊታቸው ተዘርግቶ እንደሚያገኙት መልሰውለታል። ሆኖም ቅዱስ አትናቴዎስ የጻፈው ገድላቸው ደግሞ ሌላውን ወገን ይነግራል፤ እንጦንስ በቤተ ክርስቲያን ሲነበብ የሰሙትን በልባቸው ይይዙ ስለ ነበር ትዝታቸው በመጽሐፍ ፈንታ ያገለግላቸው ነበር። ስለዚህ ፍጥረትን ያነበቡት ፊደሉን ከመጻሕፍት ከተማሩ በኋላ ነው። ፊደል ያልቆጠረ ሰው ብራናውን ቢገልጥ ቀለሙን ያያል እንጂ ቃሉን አይሰማም።

ደቀ መዝሙር፦ ፊደሉን የተማሩትስ ሁሉ አንድ ዓይነት ያነባሉን? በየዐውደ ምሕረቱ የሚሰማው ስብከት ብዙ ጊዜ የዕለት ነገርን ይዞ ይነሣና ወደ ፈለገው ምስጢር ይዘላል፤ ሰሚውም ንግግሩ ስላማረ ይደሰታል፤ እቤቱ ሲደርስ ግን ከእጁ ላይ የቀረ ነገር አያገኝም።

መምህር፦ ይህ የሚሆነው ሰሙ ሳይበጅ ወርቁ ሲፈስስ ነው። የቅኔ ባለቤቶች «ሰምና ወርቅ» ሲሉ፣ ሰም የንግግሩ ላይኛ ፍቺ፣ ወርቅም በውስጡ የተሰወረው ምስጢር ነው፤ ይህን የሚያውቀው ብዙ ነው። ስሙ ከአንጥረኛ ቤት እንደ መጣ የሚያስታውሰው ግን ጥቂት ነው። አንጥረኛ ጌጥ ለመሥራት ሲነሣ አስቀድሞ ቅርጹን በሰም ያበጃል፤ ሰሙን በጭቃ ይሸፍነዋል፤ ጭቃውን በእሳት ሲያሞቀው ሰሙ ቀልጦ በቀዳዳው ይወጣል፤ ሰሙ በለቀቀው ባዶ ቦታም የቀለጠው ወርቅ ይገባል። እንግዲህ ወርቁ ከሰሙ የተለየ ቅርጽ ከየትም አያገኝም፤ በሰሙ ላይ በጣት የተጫረ ጭረት በወርቁ ላይ ደምቆ ይወጣል። ለመቅለጥ የተዘጋጀ ነገር ነው ብሎ ሰሙን በችኮላ የሚያበጅ አንጥረኛ፣ ወርቁ ንጹሕ ቢሆንም የሚያወጣው ጌጥ የተጣመመ ነው። የዕለት ኑሮም ለምስጢር ሰም ነውና፣ ነገሩን በራሱ ባሕርይ ሳያውቅ ወደ ምስጢሩ የሚቸኩል ሰው የሚያጣምመው ራሱን ምስጢሩን ነው።

ደቀ መዝሙር፦ በእርሾው ምሳሌ ላይ ያልታየ ሰም አለን?

መምህር፦ አለ። ሴቲቱ እርሾውን የሸሸገችበት ዱቄት ሦስት መስፈሪያ እንደ ነበር ተጽፏል። መስፈሪያው በዕብራይስጥ ሴአ፣ በግሪክ ሳቶን የሚባለው ሲሆን፣ አንዱ ከ12 እስከ 13 ሊትር ይይዛል ተብሎ ይገመታል፤ ሦስቱ ወደ 40 ሊትር ይጠጋሉ ማለት ነው። ይህ ከ100 ሰው በላይ የሚያበላ ዱቄት ነው፤ የአንድ ቤተሰብ ራት ሳይሆን የድግስ ቡኮ ነው። መጠኑን ያላወቀ ሰው ጭልፋና ገበቴ ያስባል፤ ያወቀው ግን የተጠሩ እንግዶች እንዳሉ ይረዳል። ደግሞም በኦሪት ዘፍጥረት ምዕራፍ 18 አብርሃም በመምሬ የአድባር ዛፍ አጠገብ ሦስቱን እንግዶች በተቀበለ ጊዜ ሣራ እንድትለውስ ያዘዛት በዚሁ ልክ፣ ሦስት መስፈሪያ ነበር፤ ቤተ ክርስቲያናችንም የእነዚያን እንግዶች መምጣት የሥላሴ መገለጥ አድርጋ ትተረጉመዋለች፤ ሥዕሉንም ትሥላለች። «አንድም» ብሎ ከእርሾው ቡኮ ወደ አብርሃም ድንኳን መሻገር የሚቻለው እንግዲህ መስፈሪያውን በመቁጠር ነው።

ደቀ መዝሙር፦ ጌታ ራሱ ግን በዚሁ ወንጌል ምዕራፍ 16 ከፈሪሳውያንና ከሰዱቃውያን እርሾ እንዲጠበቁ ደቀ መዛሙርቱን ያስጠነቅቃል፤ ቅዱስ ጳውሎስም በመጀመሪያይቱ የቆሮንቶስ መልእክት አሮጌው እርሾ እንዲወገድ ያዝዛል። አንዱ እርሾ አንድ ጊዜ መንግሥተ ሰማያት፣ አንድ ጊዜ ክፉ ትምህርት ከሆነ፣ ነገሩ የሚናገረው ራሱ ነውን ወይስ ተርጓሚው የፈለገውን ያናግረዋል?

መምህር፦ ይህ ጥያቄ የትርጓሜው አከርካሪ ነው። አንበሳም እንዲሁ ነው፤ በዮሐንስ ራእይ ከይሁዳ ነገድ የሆነው አንበሳ ክርስቶስ ነው፤ በጴጥሮስ መልእክት ደግሞ የሚውጠውን ፈልጎ የሚዞር አንበሳ ዲያብሎስ ነው። አንድ ነገር ብዙ ጠባይ አለው፤ አንበሳ ንጉሥነትም ነጣቂነትም አለው፤ እርሾም ሳይታይ መሥራትም አለው፣ ማኮምጠጥም አለው። ምሳሌ ከእነዚህ ጠባዮች አንዱን ይመርጣል፤ የሚመርጠውም እንደ ተርጓሚው ፈቃድ አይደለም፤ ንባቡ እንደሚመራው ነው። ከዚህ የተነሣ ከዕለት ኑሮ የተገኘ ትምህርት ሁሉ በአደባባይ ከመነገሩ በፊት ሁለት ጊዜ ይጠየቃል፦ ነገሩ በእርግጥ ይህ ጠባይ አለውን? የተገኘው ምስጢርስ ቤተ ክርስቲያን ከምታምነው ጋር ይስማማልን?

ደቀ መዝሙር፦ የመጀመሪያው ጥያቄ ፊሳልጎስን ይጥለዋል።

መምህር፦ ፊሳልጎስ ምን እንደ ሆነ አስቀድሞ ይነገር።

ደቀ መዝሙር፦ ፊሳልጎስ የእንስሳትን፣ የአዕዋፍንና የዕንቁዎችን ጠባይ እየተረከ በእያንዳንዱ ላይ መንፈሳዊ ፍቺ የሚያክል፣ በጥንት ዘመን ከግሪክ ወደ ግእዝ የተተረጎመ መጽሐፍ ነው፤ ፍሪትዝ ሆምል የተባለ ጀርመናዊ ሊቅም እ.ኤ.አ. በ1877 የግእዙን ንባብ በላይፕሲሽ አሳትሞታል። በዚህ መጽሐፍ ውስጥ ፔሊካን የተባለው የውሃ ወፍ ልጆቹን ከገደለ በኋላ በሦስተኛው ቀን ጎኑን ወግቶ በደሙ ሕይወት እንደሚሰጣቸው ይተረካል፤ ፍቺውም የክርስቶስ ጎን መወጋት ነው። የወፎችን ኑሮ የሚያጠኑ ግን እንዲህ ያለ ነገር አላዩም።

መምህር፦ አላዩም፤ ስለሌለም ነው። የክርስቶስ ጎን የተወጋው ግን ወፉ ስላደረገው አይደለም፤ ስለዚህ የወፉ ታሪክ ቢወድቅ እምነቱ አይወድቅም። ምሳሌ የታመነውን ያበራል፤ ያልታመነውን አይመሠርትም። የጥንቱ ጸሐፊ በዘመኑ የነበረውን ዕውቀት ይዞ ስለ ጻፈ አይነቀፍም። የዛሬው ሰባኪ ግን ሐሰት መሆኑን እያወቀ ለምስጢሩ ማማር ሲል ቢደግመው፣ ስለ እውነት ለመናገር በሐሰት ላይ ቆሟልና በደሉ ትልቅ ነው።

በዚህ ጊዜ እማሆይ አብሲት አብስለው እስኪበርድ ድረስ ከማጀቱ ወደ ደጁ ብቅ ይላሉ። አብሲት ማለት ከቦካው ሊጥ ጥቂት ተቀንሶ በፈላ ውሃ ውስጥ እየተማሰለ ከበሰለ በኋላ ወደ ሊጡ የሚመለሰው ነው፤ ለእንጀራው ዐይን መውጣትም እርሱ ያስፈልጋል። ደቀ መዝሙሩ ከዚሁ ነገር ትምህርት ለማውጣት ይሞክራል።

ደቀ መዝሙር፦ እማሆይ፣ አብሲት ከውጭ የመጣ አዲስ ዱቄት ተቀቅሎ በሊጡ ላይ የሚጨመር ነውና፣ ከሰማይ የወረደውንና ከእኛ ያልሆነውን ጸጋ ያስታውሳል ቢባል ያስኬዳልን?

እማሆይ፦ ምስጢሩን የኔታ ያውቁታል፤ አብሲቱ ግን እንደዚያ አይደለም። ዱቄቱ በውሃና በእርሾ ይለወሳል፤ በቡሃቃ ተከድኖ ሁለት ሦስት ቀን ያድራል፤ ከላዩ ያቀረረው ቢጫ ውሃ ይቀነሳል፤ ከዚያም ላይ ለሚመጣው ቡኮ እርሾ ይቀመጣል። አብሲቱ የሚወጣው ከራሱ ከሊጡ ነው። ያው ሊጥ ነው እሳት ገብቶ የሚመለሰው። ሲመለስም በረድ ብሎ ነው፤ ትኩሱን የጣሉት እንደ ሆነ እርሾውን ይገድለዋል፤ ሊጡ ኩፍ አይልም፤ እንጀራውም ዐይን አያወጣም።

መምህር፦ ልጄ፣ ሰሙ እንዴት እንደ ተስተካከለ ልብ ይባል። «ከውጭ የመጣ ዱቄት» በተባለው ሰም የፈሰሰው ወርቅ ወደ ጌታ ሰው መሆን ሲሻገር፣ ጌታ ሥጋውን ከሰማይ ይዞ ወረደ ወደሚለው አሮጌ ስሕተት ይወስድ ነበር። «ከራሱ ከሊጡ» በተባለው ሰም ግን የሚፈስሰው የቀና ነው፤ ቃል ከእመቤታችን የነሣው ያንኑ የእኛን ሥጋ ነው፤ የእኛው ሥጋ በእሳት በተመሰለው መከራ አልፎ ተነሣ፤ ቅዱስ ጳውሎስም ክርስቶስን ላንቀላፉት በኩር ሲለው ከእነርሱ ወገን መሆኑን ሳይለቅ ነው። ጎርጎርዮስ ዘእንዚናዙ የተባሉት ነባቤ መለኮት ለቀሌዶንዮስ በጻፉት መልእክት ያልተነሣው አልተፈወሰም የሚለውን ሐሳብ ያጸኑት አፖሊናርዮስን በመቃወም ነበር፤ አፖሊናርዮስ ቃል ሥጋን እንጂ የሰውን ልቡና አልነሣም ይል ነበርና። የዚህ ክርክር ጥላ በአንድ ማጀት ውስጥ፣ ሊጡን በእጃቸው በሚያውቁ እናት አነጋገር ላይ ወድቆ መገኘቱ በእውነት ያስደንቃል። ያስተማሩት እርሳቸው ናቸው፤ የተጨመረው የሊቁ ስም ብቻ ነው።

ደቀ መዝሙር፦ እንዲህ ከሆነ አብሲት የተዋሕዶ ምሳሌ ሆኖ በጉባኤ ይነገር።

መምህር፦ እዚህ ላይ ይቆማል። አብሲት ከሊጡ ጋር ሲገናኝ ይደባለቃል፤ ከዚያ በኋላ ይህ አብሲት፣ ያ ሊጥ ብሎ የሚለይ የለም። ተዋሕዶ ግን ያለ ቱሳሔና ያለ ሚጠት ነው፤ ቱሳሔ መደባለቅ፣ ሚጠት መለወጥ ነውና። ለዚያ አባቶች የጋለ ብረትን ይመስላሉ፤ እሳቱ ብረቱን ዘልቆ ያግለዋል፣ ብረቱም ብረትነቱን አይለቅም፣ እሳቱም እሳትነቱን አይለቅም። አብሲት ሥጋው ከየት እንደ ተነሣ ለማሳየት ይረዳል፤ እንዴት እንደ ተዋሐደ ለማሳየት ግን አይረዳም። ምሳሌን እስከሚችልበት ድረስ ወስዶ በዚያ መመለስ ከመምህር የሚጠበቅ ትልቅ ጨዋነት ነው፤ ብዙዎችም የሚወድቁት ምሳሌውን በማምጣት ሳይሆን ከዳርቻው በማሳለፍ ነው።

ደቀ መዝሙር፦ እስካሁን የተነገረው ስለ ሥራና ስለ ፍጥረት ነው። በሰው ላይ ድንገት የሚወርደውስ እንዴት ይነበባል? ነጋዴው ሱቁን ሲከፍት የመጀመሪያውን ደንበኛ ገድ ይመለከታል፤ ጎረቤቱ የታመመበትን ደግሞ እግዚአብሔር ሊያስተምረው ነው ይሉታል። ይህም በዕለት ኑሮ ውስጥ ትምህርት መፈለግ አይደለምን?

መምህር፦ ገድ መመልከት ነገ ምን ይመጣ ይሆን ብሎ መጠየቅ ነው፤ መንፈሳዊ ትምህርት ግን ዛሬ ምን ይጠበቃል ብሎ ይጠይቃል። ስለ ሁለተኛው ደግሞ ጌታ ራሱ ሥርዓት ሠርቶበታል። በሉቃስ ወንጌል ምዕራፍ 13 እንደ ተጻፈው፣ በሰሊሆም ግንቡ ወድቆ 18 ሰዎች ሞተው ነበር። የሰሚዎቹ ልብ ሟቾቹ ምን በድለው ይሆን ወደሚለው ሲያዘነብል፣ እርሱ የእነዚያ ሰዎች ኃጢአት ከሌሎቹ የበለጠ አለመሆኑን ተናግሮ፣ ንስሐ እንዲገቡ ያሳሰበው ቆመው የሚሰሙትን ነው። ግንቡ ስለ ሙታን አንዳች እንዲመሰክር አልተፈቀደለትም፤ ለቋሚዎች ብቻ ተናገረ። የኢዮብም ወዳጆች ሰባት ቀን ዝም ብለው አብረውት በተቀመጡ ጊዜ መልካም አደረጉ፤ አፋቸውን ከፍተው ቁስሉን መተርጎም በጀመሩ ጊዜ ግን በደሉት። ስለዚህ የሌላውን መከራ ለባለቤቱ መተርጎም ለማንም አልተሰጠም።

ደቀ መዝሙር፦ መከራ ውስጥ ያለው ራሱ ቢያነብስ? በቤሩት፣ በሪያድ ወይም በዱባይ በሰው ቤት ተቀጥረው የሚሠሩ ብዙ እኅቶች አሉ። ከፋላ በሚባለው ሥርዓት የሠራተኛዋ የመኖሪያ ፈቃድ ከአሠሪዋ ጋር የተያያዘ ስለ ሆነ፣ አሠሪዋ ካልፈቀደላት ከቤት መውጣት የሚሳናት አለች፤ በሳዑዲ ዓረቢያ ደግሞ በይፋ የቆመ ቤተ ክርስቲያን የለም። ጉባኤም፣ ማኅበርም፣ ቅዳሴም ለሌላት እንዲህ ላለችው ሴት የቀራት ማጀቱ ብቻ ነው።

መምህር፦ ለእርሷ ማንም ማጀቱ ይበቃሻል ሊላት አይገባም፤ የታገደችው ሊታገድ የማይገባው ነገር ነውና። ሆኖም በኦሪት ዘፍጥረት ምዕራፍ 16 አጋር ትታሰባለች። አጋር ግብፃዊት ነበረች፤ በሰው ቤት አገልጋይ ነበረች፤ ከእመቤቷ ፊት ሸሽታ በምድረ በዳ ካለ የውሃ ምንጭ አጠገብ ተገኘች። እግዚአብሔርንም የሚያይ አምላክ ብላ ስም የሰየመችው እርሷ ናት፤ ሣራም አብርሃምም አልነገሯትም። ነቢያት ከመነሣታቸው አስቀድሞ፣ በስደት ላይ ያለች አገልጋይ አምላክን በስም ጠራች፤ ጉድጓዱም በዚያው ስም ተጠራ። ከመከራ ውስጥ የሚወጣ ትምህርት ባለቤቱ በገዛ አንደበቱ ሲናገረው እውነት ይሆናል። የሌሎቹ ድርሻ መስማትና በሩን ማስከፈት ነው።

እማሆይ፦ የኔታ፣ አንድ ነገር ይጨመር። ስለ እንጀራ የሚሰብኩት ጭሱን አያነሡትም። እርጥብ እንጨት የመጣ ቀን ዐይን ሲያለቅስ ይውላል፤ ከምጣዱ ሥር ያለው እሳት ወገብ አያስቀናም። ይህን ያህል ተማሪ ሲበላ፣ ውሃ ቀድቶ የሚያግዝ ግን ሁለት ወይም ሦስት ቢገኝ ነው። ስለ እርሾ የሚነገረው ሁሉ መልካም ነው፤ እርሾውን የሸሸገችው ሴት ግን በስብከቱ ውስጥ ብዙም አትታይም።

መምህር፦ ይህ ነቀፋ ተገቢ ነው፤ በጉባኤውም ላይ ይደርሳል። ሐዋርያው ያዕቆብ የዕለት ምግብ ያጡትን በደኅና ሂዱ፣ ጥገቡ ብሎ በቃል ብቻ የሚያሰናብት ሰው ምን እንደሚጠቅም የሚጠይቀው ለዚህ ነው። በሰው ድካም ላይ የተመሠረተ ምሳሌ ከድካሙ ጥቂት እንኳ ካላቃለለ ከባለቤቱ የተወሰደ ነገር ይሆናል። ጌታ ስለ ዱቄትና ስለ እርሾ የተናገረው በናዝሬት ቤት ያደገ፣ በአናጺነት የሠራ ሆኖ ነው፤ ትንሣኤው ከተገለጠ በኋላም በጥብርያዶስ ባሕር ዳር የከሰል እሳት አንድዶ፣ ዓሣና እንጀራ አዘጋጅቶ፣ ሌሊቱን ሙሉ ሲደክሙ ያደሩትን ደቀ መዛሙርት ምሳ ብሉ ብሎ ጠርቷቸዋል። ሞትን ድል ከነሣ በኋላ የሠራው ሥራ እሳት ማንደድ ነበር። የዮሐንስ ወንጌል ምዕራፍ 21 ሲተረጎም ብዙ የሚደከምበት በዓሣዎቹ ቁጥር ነው፤ 153 ስለ መሆናቸው ብዙ ተብሏል፤ ስለ ከሰሉ ግን ከዚህ የበለጠ ሊባል ይገባው ነበር።

ደቀ መዝሙር፦ እማሆይ፣ አብሲቱ መብረዱ በምን ይታወቃል? በሰዓት ይቆጠራልን?

እማሆይ፦ በሰዓት አይሆንም፤ ብርድና ሙቀቱ እንደ ቀኑ ነው። እጅ ገብቶበት ነው የሚታወቀው። እጅ ከቻለው እርሾውም ይችለዋል።

ደቀ መዝሙሩ ወንጌሉን በማኅደሩ ከቶ በግድግዳው ላይ ሰቀለው፤ እጅጌውን ሰብስቦ እጁን ከታጠበ በኋላም እማሆይን ተከትሎ ወደ ማጀቱ ገባ።